ስለ መኪናዬ የግብር ቅናሽና «ወላጅ አምጪ» ስለ መባሌ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ቪትሃልራው፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን በዚህ ብርድ አልባሰብዎትም ወይ? እማዬስ ሳሉ ለቀቃት? እርዱ ተነቅሎ አልቆ ቅቀላው ተጀመረ ወይስ ዘንድሮም ሠራተኛ ጠፋ? ጎሿስ ወለደች? በስልክ ስጠይቅዎ «ደህና ነን፣ ደህና ነን» ብለው ስለሚዘጉብኝ ነው ሁሉንም በወረቀት መጠየቄ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። እርስዎን ለማጽናናት ብዬ አይደለም፤ እንቅልፌንም ምግቤንም አላጣሁም።

እሑድ ዕለት ርዕሰ መምህርታችን ወይዘሮ ጎድቦሌ እቤት ድረስ ደውለው ዓርብ ትምህርት ቤት እንዲመጡ እንደጠሩዎ አውቃለሁ። እርስዎም ወዲያው ለእኔ ደውለው «ሐሙስ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ፤ ቀኑን ያዘገየሁት እኔ ነኝ፣ ይቅርታውንም የምጠይቀው እኔ ነኝ» አሉኝና መልሴን ሳይሰሙ ዘጉት። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ መልሱን በሆዴ ስጽፈው ነበር። ይኸው አሁን በወረቀት ላይ ሆነ። ነገ ጠዋት ወደ ዋይ ከተማ ለሚሄደው የአውቶቡስ ሾፌር ስለምሰጠው፣ ከመነሳትዎ በፊት እጅዎ ይገባል።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎት፤ ወይዘሮ ጎድቦሌ የነገሩዎት ግማሹን ነውና። የኤሌክትሪክ መኪና በብድር የገዛ ሰው፣ ለብድሩ የሚከፍለው ወለድ ግብር ከሚታሰብበት ደመወዙ ላይ ይቀነስለታል። ሕጉ ይህን የፈቀደው ግን ባንኩ ብድሩን እስካለፈው ዓመት ማርች 31 ድረስ ላጸደቀለት ሰው ነው። የእኔ ብድር የጸደቀው ማርች 27 ነው። የባንኩ ደብዳቤ ከነፊርማው እጄ ላይ አለ። መኪናውንም በዚያው ሳምንት ማውጣት እችል ነበር። እርስዎ ግን ቀን አስቆጥረው «ከመልካሙ ቀን ከአክሻያ ትሪቲያ በዓል በፊት አንድ ጎማ እንዳታንቀሳቅሺ» አሉኝ። ትንሽ አጉረመረምኩ፤ ጠበቅኩም። ኤፕሪል 22 ቀን ከአራቱም ጎማ ሥር ሎሚ አስቀምጠን፣ ኮኮናት ሰብረን መኪናውን አወጣነው። እርስዎም በሩን በሁለት እጅ ጨብጠው «ድምፅ የለውም እኮ፤ ተነሳ ወይስ አልተነሳም?» እያሉ ቤተ መቅደሱን ዞርን። ያን ቀን ስላዘገዩት ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬም አልጸጸተኝም።

ጃንዋሪ ላይ ሁላችንም የቅናሽ ወረቀታችንን ለሒሳብ ክፍል አስገባን። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ባርቬ ይባላል። የእኔን ወረቀት ይዞ የመምህራን ማረፊያ ድረስ መጣና በሰው ሁሉ ፊት «መኪናሽ የወጣው በኤፕሪል፣ ቀነ ገደቡ ያለፈው በማርች። ፊዚክስ ታስተምሪያለሽ፤ አንቺን ወር መቁጠር ማን ያስተምርሽ?» አለኝ። አንዳንዱ ሳቀ። እኔም ሕጉ የሚጠይቀው ብድሩ የጸደቀበትን ቀን እንጂ መኪናው የወጣበትን እንዳልሆነ ነገርኩት። «እኔ በሃያ ሁለት ዓመት ያላየሁትን አንቺ በሁለት ዓመት አየሽው?» አለ። «አዎ፤ ሁለት ገጽ ነው፣ ሻይ እስኪቀርብ ያልቃል» አልኩት። አሁን ደግሞ የሳቀው ሌላኛው ወገን ነበር።

ጥፋቴ እንግዲህ ይህች ናት። በማግስቱ ጠዋት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። «በሐሰተኛ ማስረጃ የግብር ቅናሽ ለማግኘት ሞክራለች» ይላል። ግልባጩ በግል ማኅደሬ ገብቷል። ቋሚ ሠራተኛ መሆኔና አለመሆኔ የሚወሰነው ጁን ላይ ይህንኑ ማኅደር አይተው ነው። ከደብዳቤው ጋር በእኔ ስም የተጻፈ የይቅርታ ወረቀትም አያይዘውልኛል፤ የቀረው ፊርማዬ ብቻ ነው።

አልፈረምኩም። መልሴን ጻፍኩ፤ የባንኩን ደብዳቤና የሕጉን ቅጂ አያያዝኩ፤ ሁለት ቅጂ አድርጌ ወደ አቶ ባርቬ ቢሮ ሄድኩ። «እዚያ አስቀምጪውና ሂጂ» አለኝ። ግልባጬ ላይ «ደርሶናል» የሚል ማኅተም ካልተመታ እንደማልሄድ ነገርኩት። ማኅተሙ ተቆልፎበታል አለ። «ቁልፉ እስኪመጣ እጠብቃለሁ፤ ሰባ ደብተር የማርመው አለኝ» ብዬ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ማረምም ጀመርኩ።

አሥራ አንደኛው ደብተር ላይ ሳለሁ የማራቲ ቋንቋ መምህርቷ ወይዘሮ ናፊሳ ገቡ። ከሦስት ዓመት በፊት የኤሌክትሪክ ስኩተር በብድር ገዝተው ነበር። ቅናሽ በጠየቁ ቁጥር አቶ ባርቬ «ይህ ለመኪና ነው፣ ለስኩተር አይሆንም» እያለ ወረቀታቸውን መልሶባቸዋል። እሳቸውም አምነውት ዝም ብለዋል። አጠገቤ ተቀመጡና «እስቲ ያንን ሕግ አሳዪኝ የኔ ልጅ። ስኩተር አይሆንም የሚለው የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። የትም የለም አልኳቸው። ሁለቱን ገጽ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «አንተ ባርቬ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ከኔ ፔርሙስ ሻይ ስትጠጣ ትንሽ እንኳ ትን አላለህም?» አሉት። ቁልፉ ከመሳቢያው ተገኘ። ማኅተሙም ተመታ።

ትናንት ወይዘሮ ጎድቦሌ አስጠሩኝ። እርስዎ ጋ ሲደውሉ መልሴን ገና አላነበቡትም ነበር፤ አሁን አንብበውታል። «በብድሩ ቀን ትክክል ነሽ፤ ቅናሹ ከዚህ ወር ጀምሮ ይታሰብልሻል» አሉኝ። ላመሰግን አፌን ስከፍት ቀጠሉ። «ግን አቶ ባርቬ ትልቅ ሰው ነው፣ በሰው ፊት አሳፍረሽዋል። ደብዳቤው ባለበት ይቀመጥ፤ አንቺም ፈርሚ፤ ዓርብ አባትሽ ባሉበት ነገሩ ይለቅ» አሉ። ጥያቄዬ ትክክል ከሆነ ሐሰተኛው ማስረጃ የቱ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ቃል ናት። ማን ያነባታል?» አሉኝ። እኔ አንብቤያታለሁ አልኳቸው።

አባዬ፣ ቅናሹስ ትምህርት ቤቱ ቢከለክለኝም ጁላይ ላይ የግብር መግለጫዬን ራሴ ሳስገባ አገኘው ነበር፤ መንገዱን አውቀዋለሁ። የተጣላሁት ከዚያች ቃል ጋር ነው። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። መስኮት የሰበረ ተማሪ ሲመጣብኝ «ወላጅ አምጣ» የምለው እኔ ነኝ። አሁን እኔ ራሴ ወላጅ አምጪ ተባልኩ፤ ያውም ምንም ሳልሰብር። እርስዎም ቀኑን አዘገየሁ ብለው ራስዎን አይውቀሱ። የመረጡት ቀን ማንንም አልጎዳም። ብድሩ ሳይጸድቅ ማርች አልፎ ቢሆን ኖሮ እንኳ ጥፋቱ ሕጉን ቀድማ ያላነበበችው የልጅዎ ይሆን ነበር እንጂ የእርስዎ አይሆንም።

ስለዚህ ሐሙስ ይምጡ፤ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ዓርብ ጠዋት በአራት ሰዓት አብረን እንገባለን። ወንበር ያቀርቡልዎታል። አቶ ባርቬ እንደ ዘመድ ሆኖ የእርድ ዋጋ ይጠይቅዎታል፤ ይመልሱለት። ከዚያ ወይዘሮ ጎድቦሌ «አባታችን፣ እርስዎ ይምከሯት እንጂ» ይላሉ። ያን ጊዜ «ልጄ አልዋሸችም» ይበሉልኝ። ሌላ ምንም አይጨምሩ። «ወጣት ናት፣ ይማሯት» አይበሉ። እጅዎንም ለልመና አያጣምሩ። ለትምህርት ቤት ክፍያዬ በስኳር ፋብሪካው ቢሮ በር ላይ እጅዎን አጣምረው ሲቆሙ አይቻለሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ቀሚሴን ይዤ ከኋላዎ ቆሜ ነበር። ያኔ የቆሙት እኔ እንድማር ነው። ተምሬያለሁ፤ ከእንግዲህ ስለ እኔ ብለው በማንም በር ላይ እንደዚያ እንዲቆሙ አልፈልግም።

ይህን ማለት ከከበደዎት አይምጡ፤ ብቻዬን እገባለሁ። ቅር አይለኝም ብዬ ግን አልዋሽዎትም።

እማዬን ሳሙልኝ ብዬ ማንን ልላክ፤ እርስዎ ይሳሙልኝ፤ የሳል መድኃኒቱን ሳትጨርስ እንዳታቆም ይንገሯት። ወንድሜ ሳርጄራዎ ይህን ደብዳቤ ሲያነብልዎ እንደ ልማዱ ቁጣዬን እያለሰለሰ እንዳያነበው። ሚስቱን ሱሬካን፣ ለአዲሱ የልብስ ስፌት መኪና እንኳን ደስ አለሽ ይበሉልኝ። ትንሿን ልጃቸውን ኡርቪን ጉንጮቿን ይሳሙልኝ። አክስቴ ታራባይ «ባል ሳታገባ መኪና ገዛች» እያለች ለጎረቤት ማውራቱን ስትጨርስ ትምጣ፤ አዙሬ አሳያታለሁ። ወይዘሮ ናፊሳ ሁላችሁንም ሰላም ብለዋል። ዓርብ እሳቸውም የስኩተራቸውን ወረቀት ይዘው አብረውን ይገባሉ።

ያልፈረመችው ልጅዎ
ሻልመሊ

ፑኔ፣ ሐዳፕሳር
ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2024