አማርኛ የሚሰማው ውሃ

ሰኞ
ክንዴ የኔ አይመስለኝም። ደረጃውን አጥቤ ሳልጨርስ የማዳም ልጅ ሪም መጣች። ውሃ ያለበት ባልዲ በገመድ አስሮ፣ በራስ ላይ አዙሮ አለማፍሰስ፤ የትምህርት ቤት ሥራዋ ነው። ሐሙስ ለክፍሏ ታሳያለች። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያመለጥኩት ምን አውቄ? ግን በፍጥነት አዞርኩት፤ ጠብ አላለም።

«እንዴት?» ስትለኝ ሰይጣኔ መጣ። «በአማርኛ ‹አትፍሰስ› ብዬው ነው» አልኳት። አመነች፣ የኔ የዋህ።

አርብ ኮበር እሄዳለሁ፣ ማዳም ፈቅዳለች። እህቴ ጥሩዬ እዚያ፣ አል ዑለያ ሰፈር ነው የምትሠራው። ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ ተመቶላታል፤ ቅዳሜ አገሯ ትገባለች። እኔ ያለሁባት ደማምና ኮበር አፍንጫና አፍ ናቸው፤ እኔ ግን ከመጣሁ አላየኋትም።

ማክሰኞ
ሪም ባልዲውን አናቷ ላይ አድርሳ ቀጥ አድርጋ አቆመችው። «አትፍሰስ» አለችው በአማርኛ። ወረደባት። እኔ በሳቅ ስንከተከት እሷ እያለቀሰች ገብታ፣ ሠራተኛዋ ውሃ ላይ ታነበንባለች ብላ ተናገረች።

ማዳም አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ስልኬን ወሰደች፣ ሻንጣዬን በረበረች። ለእህቷ ስትደውል «ሲሕር» ስትል ሰማሁ፤ ድግምት ማለቷ ነው። በዚህ ቃል የታሰረች አለች ይባላል።

«አርብ ማፊ» አለችኝ፤ መሄድ የለም ማለቷ ነው።

ረቡዕ
አልተኛሁም። ቀልዴ እኔኑ አላሳቀኝም።

ጠዋት ማዳምን ግቢ ጠራኋት። ባልዲውን ሞላሁ፣ አፌንም ውሃ ሞላሁና ጉንጬን ነፍቼ ቆምኩ። በዚህ አፍ ማን ይደግማል? አዞርኩ፣ ጠብ የለም። ቀስ ሳደርገው በአናቴ ወረደ። ሞልቼ ደገምኩ፣ በፍጥነት። ጠብ የለም።

«ማማ፣ ፍጥነቱ ነው» አለች ሪም። «ውሃው ሊወድቅ ሲል ባልዲው ዞሮ ይቀድመዋል።»

ማዳም ገመዱን ተቀበለችኝ። እጅጌዋን ሰብስባ አዞረች፣ ለእሷም ጠብ አላለም፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ቢስሚላህ እያለች። አሁን ማን ነው ውሃ ላይ የሚያነበንበው? ልል ነበር፤ አፌ ውስጥ ያለው ውሃ አዳነኝ።

ሐሙስ
ለሪም አጨበጨቡላት። ማዳም ስልኬን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልኝ። ስለ ነገ ትንፍሽ አላለችም። የቤቱ ሾፌር ግን ነገ ኮበር ሂድ ተብሏል፤ ማንን እንደሚያደርስ አልተነገረውም።

ለጥሩዬ ደውዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

«አንቺ ደብተራ፣ ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም?»

«ባልዲው ገና አናቴ ላይ ነው» አልኳት።

ደክሞኛል። ለማንኛውም ደህናዋን ቀሚሴን አጥቤ አስጥቻለሁ።