አሥረኛው ክለብ

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ዛሬም እንጦጦ። በአሥራ ሁለት ሰዓት ባቡር ይዤ መገናኛ፣ ከዚያ በታክሲ የካ ሚካኤል፣ ከዚያ በእግር ወደ ላይ። ጭጋጉ ከባሕር ዛፉ ሥር አልነሣ ብሎ ነበር። ጭቃው ጫማዬን ሊያወልቀው ይደርሳል። ሯጮች በቡድን በቡድን እየሆኑ አለፉኝ። አንዷ ዞር ብላ፣ “አይዞህ ጋሼ!” አለችኝ።

ጋሼ…

ስመለስ የኮንዶሚኒየሙ ጥበቃ ጋሽ ቱሉ በሩ ላይ አቆሙኝ።

“አዲስ ተከራይ ነህ?”

“ቤቱ የራሴ ነው ጋሽ ቱሉ። ስድስት ዓመት ሆነኝ።”

“አይ! አይቼህ አላውቅም እኮ።”

እውነታቸውን ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ እዚህ ቤት ያደርኩት ቢደመር ስድስት ወር አይሞላም።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ዝናብ። አልወጣሁም።

ከሰኞ ጀምሮ ያናገርኩትን ሰው ቆጠርኩ። ጋሽ ቱሉ፣ የታክሲው ረዳት፣ የዳቦ ቤቷ ልጅ። አለቀ።

ስልኬ ውስጥ አራት መቶ ምናምን ስም አለ። “አብዲ ድሬ”፣ “በረኛው ሐዋሳ”፣ “ዶክተር ካርቱም”… ሦስቱ ጋ ደወልኩ። አንዱ ቁጥር አይሠራም። አንዱ አላነሣም። ሦስተኛው አነሣና “ማን ልበል?” አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መሀል ሜዳ ላይ ጎን ለጎን የሮጥን ሰዎች ነን። “ተሳስቻለሁ” ብዬ ዘጋሁት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እንጃ።

አዳማ፣ ጅማ፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ካርቱም፣ ካይሮ፣ ሙስካት። ዘጠኝ ክለብ። ቅደም ተከተሉ አሁን አሁን ይምታታብኛል። በየከተማው ፍራሽና መጋረጃ ገዝቼ ለሚቀጥለው ተጫዋች ትቼ ወጥቻለሁ። ዘንድሮ የሚፈልገኝ የለም። ፓስፖርቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ይለኛል፤ እናቴ ነፍሷን ይማርና ሠላሳ አምስት ትለኝ ነበር፤ የቀኝ ጉልበቴን ቢጠይቁት ደግሞ ሃምሳ ሳይል አይቀርም።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

ወኪሌ ቶሌሳ ደወለ። ከሰኔ ወዲህ ራሱ ሲደውል የመጀመሪያው ነው።

“አገኘሁልህ! እዚሁ የካ። ከፍተኛ ሊግ ነው፤ ገና ዘንድሮ ነው ያደጉት። መሀል ላይ ልምድ ያለው ሰው ይፈልጋሉ። የሦስት ቀን ሙከራ አለው።”

ሙከራ! እኔ? … ሆድ ባሰኝ፤ ግን ምን አማራጭ አለኝ?

“አሰልጣኙ ማነው?”

“ዋቅቶላ የሚባል ነው። ድሮ አብራችሁ ተጫውታችኋል አሉ። ጥሩ አይደል?”

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት።

“ሃሎ? ኔትወርክ ነው?”

“አዎ፣ ኔትወርክ ነው” አልኩና ዘጋሁት።

ነሐሴ 15

አልደወልኩለትም።

ነሐሴ 16፣ ዓርብ

ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እዚህ ልጻፈው።

የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ነው። እኔ ከጊምቢ፣ ዋቅቶላ ከነጆ። አንድ ክለብ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ቦታ ነበርን። ክፍሉን ተካፍለን እንኖራለን፤ ቦታውን ግን መካፈል አይቻልም። አሰልጣኙ መሀል ላይ ከሁለታችን አንዱን ነው የሚያሰልፈው። እሱ ይሻል ነበር። ዛሬ መጻፍ አይከብደኝም፤ ይሻል ነበር።

ማክሰኞ ልምምድ ላይ ሜዳው ርጥብ ነው። ኳሷ በመሀላችን ናት። ገባሁበት። ኳሷ ላይ እንደማልደርስ እያወቅኩ ነበር? አሥራ ሁለት ዓመት ይህንኑ ስጠይቅ ኖርኩ። አላውቅም… አውቄ ይሆናል። የእግሩን ድምፅ ሜዳው ላይ ያለ ሁሉ ሰማው።

እሱን ሆስፒታል አስገቡት። እሁድ እኔ ተሰለፍኩ። ጎል አገባሁ። በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ክለብ ወሰደኝ። ሆስፒታሉ ከካምፓችን በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። አልሄድኩም። ነገ እሄዳለሁ፣ ከጨዋታው በኋላ እሄዳለሁ… አልሄድኩም። ክፍሉን ለቅቄ ስወጣ ልብሱን፣ መጽሐፍ ቅዱሱን፣ የእናቱን ፎቶ ሰብስቤ በማዳበሪያ ከረጢት አድርጌ ለዘበኛው ሰጠሁ። “ሲመጣ ስጠው” አልኩት።

ዋቅቶላ ከዚያ ወዲህ ኳስ አልተጫወተም።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ሄድኩ።

ቀኝ እግሩን ትንሽ ይስባል። ለማያውቀው ሰው የጫማ ነገር ይመስላል። ወፍሯል፣ ጺም አብቅሏል፣ ፊሽካው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። እጁን ዘረጋልኝ።

“እንኳን ደህና መጣህ።” ለልጆቹ ደግሞ፣ “ይህ ወንድማችን ኤጀታ ነው። በብዙ አገር ተጫውቷል። ተማሩበት።”

በአማርኛ ነው ያናገረኝ። ሁለታችን ስንሆን እንኳ በአማርኛ። ድሮ በኦሮምኛ እንጂ በሌላ አውርተን አናውቅም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኳስ ላይ ግን ጥሩ ነበርኩ። ልጆቹ ይሮጣሉ እንጂ ቀና ብለው አያዩም፤ እኔ ቆሜ ሁሉንም ቦታ አገኘዋለሁ። አንዱ ተከላካይ “ብሮ፣ አይንህ ጀርባህም ላይ ነው እንዴ?” አለኝ። ደስ አለኝ። ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ ነው?

ነሐሴ 21፣ ረቡዕ

እንጦጦ ላይ የሩጫ ፈተና። ከሃያ ሦስት ሰው ሃያ ሦስተኛ ወጣሁ። የመጨረሻው ዳገት ላይ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ዛፍ ይዤ ቆምኩ። ዋቅቶላ ከላይ ሆኖ ሰዓቱን ይዞ ያየኛል። እስክደርስ ጠበቀኝና ሰዓቴን ጻፈ።

ቤት ገብቼ በረዶ አሰርኩበት። አብጧል።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

የእርስ በርስ ጨዋታ ነበር። ሰባኛው ደቂቃ ገደማ ኳስ በእኔና በአንድ ጎረምሳ መሀል ወደቀች። እኩል ነን። ልጁ መጣ፣ እኔም መጣሁ… እግሬን ከኳሷ ላይ አነሣሁ። ኳሷን ይዞ ሄደና አገባ።

ሲያልቅ ዋቅቶላ ከመቀመጫው ጠራኝ። ልጆቹ ሄደዋል። ካፊያ አለ።

“ለምን እግርህን አነሣህ?” አለኝ። በኦሮምኛ።

“ጉልበቴ…”

“ጉልበትህ አይደለም።”

“እሺ። በልጁ ቦታ አንተን ነው ያየሁት።”

ፊሽካውን ከአንገቱ አወለቀ። ከዚያ፣ “እግር ይሰበራል፣ ኤጀታ። ጨዋታ ነው። በዚያ አልያዝኩብህም፤ ብይዝብህም ትቼዋለሁ። እኔ ግን በሩን እያየሁ ነበር የተኛሁት። እናቴ ሩቅ ናት፤ በከተማው የማውቀው አንተን ብቻ ነው። በተከፈተ ቁጥር አንተ ትመስለኛለህ። አንድ ቀን ተከፈተና ዘበኛው በማዳበሪያ ልብሴን ይዞ ገባ። እንደሞተ ሰው ልብስ።”

አጎንብሼ የጫማዬን ክር ፈታሁ።

“አላስፈርምህም” አለኝ። “ቂም እንዳይመስልህ። አንተም ታውቀዋለህ፣ አልቋል።”

“አውቃለሁ” አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ ስለው ነው።

እጁን ሳይሰጠኝ ሄደ። ካፊያው ዝናብ እስኪሆን እዚያው ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ነሐሴ 28

የጉልበቴ እብጠት ቀነሰ። ማንም አልደወለም። ቴሌቪዥን ከፍቼ ሳላይ አስወራዋለሁ።

ጳጉሜ 2፣ እሁድ

ቶሌሳ! “ጁባ! የአንድ ዓመት ኮንትራት። ቪዲዮህን አይተው ነው የወደዱህ።”

“የትኛውን ቪዲዮ?”

“የካይሮውን።”

“ያ እኮ የአምስት ዓመት ነው።”

“እነሱ መች ጠየቁ? መስከረም 4 ትበራለህ። የሕክምና ምርመራቸው ቀላል ነው፣ ጉልበትህን መርፌ ተወግተህ ትገባለህ።”

እሺ አልኩ። ሻንጣ ማዘጋጀት ጊዜ አልፈጀብኝም፤ ለካ ከሙስካት ስመለስ ጀምሮ ጨርሼ አላወጣሁትም። አሥረኛ ክለብ። ደስ ሊለኝ አይገባም? ፍራሽ የት እንደምገዛ እያሰብኩ ነው ያገኘሁት ራሴን።

መስከረም 1፣ ሐሙስ

ከጠዋት ጀምሮ ኮንዶሚኒየሙ በሙሉ ዶሮ ዶሮ ይሸታል። ደረጃው ላይ ልጆች በአዲስ ልብስ ይወጣሉ ይወርዳሉ። የእኔን በር ማንም አላንኳኳም። ለምንስ ያንኳኳሉ?

እህቴ ከጊምቢ ደወለች። “ከማን ጋር ነህ?” አለችኝ። “ከጓደኞቼ ጋር” አልኩ። ውሸቱ እንዴት በቀላሉ እንደወጣልኝ…

ከዚያ ተነሣሁ። ከጉርድ ሾላ ብርቱካን ገዛሁ። የዋቅቶላ ቤት ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ እንደሆነ ከልጆቹ ሰምቼ ነበር፤ እየጠየቅኩ አገኘሁት። በሩ ላይ ሁለት ጊዜ ልመለስ አልኩ። ሦስተኛው ላይ አንኳኳሁ።

የከፈተችው ሚስቱ ጵርስቅላ ናት። ስሜን ነገርኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

“አንተ ነህ ማዳበሪያው?”

መሬት ብትከፈት እገባባት ነበር። “አዎ፣ እኔ ነኝ።”

“በነርስነት የማገለግልበት ክፍል ነበር የተኛው” አለችኝ በሩን እንደያዘች። “ሁለት ወር ሙሉ ጠያቂ አልነበረውም። እኔ ነኝ ከቤቴ ምግብ እየያዝኩ የሄድኩት። እንግዲህ አንተ ብትመጣለት ኖሮ ለእኔ ተራው አይደርሰኝም ነበር።” ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመች። “ግን ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። እሱን እወቅ። ግባ።”

ገባሁ። ዋቅቶላ ከሴት ልጁ ጋር ተቀምጧል። አልተነሣም። እኔም አልተቀመጥኩም። ቆሜ ነው የነገርኩት። እሱ ይሻል እንደነበር ነገርኩት። ኳሷ ላይ እንደማልደርስ ሳላውቅ እንዳልቀረሁ ነገርኩት። ሃያ ደቂቃ መንገድ እንደነበር፣ የፈራሁት እግሩን ሳይሆን አይኑን እንደሆነ። “ይቅርታ አድርግልኝ” አልኩ። ልጅቷ አባቷን ታያለች።

“ቁጭ በል” አለኝ በመጨረሻ። “ይቅርታ አድርጌልሃለሁ ማለት ለእኔ ከባድ አይደለም፤ ክርስቲያን ነኝ። ግን አንድ ቀን መጥተህ ብርቱካን አስቀምጠህ የምትገላገለው እንዳይመስልህ። መቼ ነው የምትሄደው?”

እንደምሄድ ማን ነገረው? ምናልባት ሁልጊዜ ስለምሄድ ነው።

“እሁድ” አልኩት።

“እሺ” አለ። ጵርስቅላ ጸለየች፣ በላን። በሙሉ ሰሃን ነው የሰጠችኝ።

መስከረም 3፣ ቅዳሜ

ለቶሌሳ ደወልኩ። “አልሄድም።”

“አብደሃል? ትኬቱ ተቆርጧል እኮ!”

“ጉልበቴ አልቋል፣ ቶሌሳ። መርፌ ወግተህ የምትሸጠኝ ዕቃ አይደለሁም።”

“ታዲያ ምን ልትሆን ነው?”

አላውቅም። እሱንም አላውቅም አልኩት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋብኝ። አልቋል ማለት ነው… አሥራ ሰባት ዓመት በአንድ ስልክ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የማለቅሰው ለኳሱ ይሁን ለሌላ ነገር አልለየሁትም።

መስከረም 4፣ እሁድ

አውሮፕላኑ በሚነሣበት ሰዓት ሻንጣውን ፈታሁ። ሸሚዞቹን ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀልኳቸው። መስቀያ አልበቃኝም።

መስከረም 23፣ ዓርብ

ቀኑ ረጅም ነው። ማንም ተነሣ፣ ተሰለፍ፣ ተኛ አይለኝም። የአሰልጣኝነት ኮርስ ተመዝግቤያለሁ፤ ክፍል ውስጥ ከሁሉም አንጋፋው እኔ ነኝ፤ ማስታወሻ ስይዝ እጄ ያመኛል። ቅዳሜና ረቡዕ ዋቅቶላ ሜዳ እሄዳለሁ። ሥራ አልሰጠኝም፤ አልጠየቅኩትም። ዳር ቆሜ አያለሁ። መጀመሪያ ቀን አላናገረኝም። ትናንትና ረቡዕ አልነበረም፣ ሐሙስ ነበር፤ ግን ሄድኩ። “ያ ስድስት ቁጥር ቀና ብሎ አያይም፤ አስረዳው እስቲ” አለኝ። አስረዳሁት። ሃያ ደቂቃ ያህል ይሆናል። ለቀሪው ቀን በቃኝ።

ማታ ማታ ግን ቤቱ ያው ቤት ነው። ይህንንም ልጻፈው፤ ሁሉ ነገር ተስተካከለ እንዳልል።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር፤ ጉልበቴን ራጅ ለመነሣት። ጵርስቅላ ናት የምታውቀው ሐኪም ጋ ቀጠሮ የያዘችልኝ። “ከእንግዲህ መሮጥ የለም፣ መራመድ ብቻ” አለኝ። ጠብቄው ነበር። ስወጣ ዋቅቶላ ከመኪናው ውስጥ ይጠብቀኛል። እንደሚመጣ አልነገረኝም።

“ምን አለ?”

“መራመድ ብቻ።”

“እንደኔ” አለ። ሁለታችንም ሳቅን። ጥሩ ሳቅ አልነበረም፤ ግን አንድ ላይ ነው የሳቅነው።

ጥቅምት 30፣ እሁድ

ባቡሩ ቆሞ አረፈድኩ። ሰባት ሰዓት ላይ እነ ዋቅቶላ ቤት ለምሳ ነበር የምጠበቀው፤ ስምንት ከሃያ ሆነ። ስልኬ ጮኸ። ጵርስቅላ ናት፣ ሃሎ እንኳ ሳትል።

“የት ነው ያለኸው? ወጡ ቀዘቀዘ፣ ሰውዬው አንተ ካልመጣህ አንበላም ብሎ ተቀምጧል፣ ልጅቷ በረሃብ አለቀች! ሰው እንደሚጠብቅህ አታውቅም እንዴ?”

“መጣሁ፣ መጣሁ” አልኩ። መገናኛ መሀል፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ሰው እንዳያየኝ ፊቴን አዙሬ።

በዘጠኝ ክለብ ስላረፈድኩ የተቆጣኝ አሰልጣኝ ብቻ ነበር። ዛሬ የተቆጡኝ እኔን ሲጠብቁ ርቧቸው ነው።