በሁለቱ መካከል የሚዞረው ከረንት

ሰኞ

ዛሬም ጠፋ። በደንብ ጀምሮ፣ እኔም ትንሽ ተንፈስ ስል፣ ብሬከሩ ጧ ብሎ ኃይሉን ቆረጠው።

ለሚያየው ሰው ቀላል ነገር ነው። ከነፋስ ተርባይን የሚመጣውን ኃይል ለመብራት መስመሩ እንዲስማማ የሚያስተካክሉ ሁለት ኮንቨርተሮች ጎን ለጎን አስረናል። እዚህ ነፋሱን የሚተካልን አንድ አሮጌ ሞተር ነው። ሁለቱ ሸክሙን ተካፍለው ወደ ውጭ መላክ አለባቸው። እነሱ ግን ከረንቱን እርስ በርስ ይቀባበሉታል። ከአንዱ ወጥቶ በሌላው ይገባል፣ ለማንም ሳይጠቅም ሁለቱንም ያሞቃል። ቀስ እያለ ይጨምርና ያጠፋቸዋል።

አንደኛውን የሰራሁት እኔ ነኝ፣ ሁለተኛውን ጋሽ ታደለ። ኮሌጅ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ይህቺን ወርክሾፕ አብረን ከፈትን። ዓርብ የነፋስ ማመንጫው ሰዎች ይመጣሉ። እነሱ ፊት አንድ ሰዓት ሳይቋረጥ ካልሰራ ስራውን ለውጭ ድርጅት ይሰጡታል፣ እኛም በራችንን እንዘጋለን። ፈርቻለሁ።

ማክሰኞ

ገመዱን ቀየርኩ። አይደለም። ማራገቢያ ጨመርኩ። እሱም አይደለም። የቀረው በየኮንቨርተሩ ላይ ያለው የከረንት መለኪያ፣ ሴንሰሩ ነው፣ እዚያ ላይ እጄን ሰበሰብኩ።

የጋሽ ታደለ ሴንሰር ትንሽ እንደሚዋሽ ካወቅኩ ቆይቻለሁ። በገዛ እጃቸው ነው የገጠሙት። አስተማሪዬን "ተሳስተዋል" ልበላቸው? ይሉኝታ ያዘኝ። ባለፈው ሳምንት ምሳ ሲወጡ ጠብቄ፣ የሚዞረውን ከረንት እያየ የሚያስተካክል መቆጣጠሪያ በእኔ ኮንቨርተር ፕሮግራም ውስጥ አስገባሁ። ትንፍሽ አላልኩም። ታዲያ ለምን ባሰበት?

ይህንን ሳሰላስል ታክሲው መውረጃዬን ጎፋን አልፎ ወሰደኝ። በእግሬ ተመለስኩ፣ መንገዱን ሁሉ ራሴን እየተሳደብኩ።

ረቡዕ

የሁለቱን ትዕዛዝ አንድ ስክሪን ላይ አውጥቼ አየሁት። የእኔ ሲገፋ የእሳቸው መልሶ ይገፋል። ኮንቨርተር ከመሬት ተነስቶ እንዲህ አያደርግም።

"ጋሽዬ፣ እርስዎም መቆጣጠሪያ አስገብተዋል እንዴ?"

መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። "የአንቺ ሴንሰር ትንሽ ያጋድል ነበር። ቅር እንዳይልሽ ብዬ በእኔ በኩል አቃናሁት።"

እኔም የእኔን ተናዘዝኩ። ሳቅን፣ ግን ሳቁ አልረዘመም። ሁለቱም መቆጣጠሪያዎች የየራሳቸውን ሴንሰር አምነው ሲጓተቱ ነው የከረሙት። ለሁለት ኮንቨርተር አንድ መቆጣጠሪያ ይበቃል።

ሐሙስ

የማን ይውጣ? "የእርስዎ ይቆይ።" "የለም፣ የአንቺ ይቆይ።" በር ላይ ቆመው ቅደም፣ ቅደም እንደሚባባሉ ሰዎች ረፋዱን ጨረስነው። ከዚያ ጋሽ ታደለ ብስራተ ገብርኤል ለቅሶ አለብኝ ብለው ወጡ።

ብቻዬን ስቀር የእኔን አወጣሁት። እሳቸው ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፣ ክብሩ ለእሳቸው ይሁን። ልሞክረው ስል መብራት ሄደ። ጠብቄ ጠብቄ ዘጋሁና ወጣሁ።

ዓርብ

ጠዋት ሳስነሳው ከረንቱ እንደ ወትሮው ቀስ አላለም። ገና ከመነሳቱ አሻቅቦ ጧ!

ስልኬ ጮኸ። እንግዶቹ ናቸው፣ ጎፋ ማዞሪያ ደርሰዋል።

ጋሽ ታደለን አየኋቸው። "የእርስዎን አወጡት?"

"ትናንት ለቅሶ ከመሄዴ በፊት። ያንቺ አለ ብዬ ነዋ!"

ከሁለቱ በአንዱም መቆጣጠሪያ የለም። ያን ጊዜ ፈነዳሁ። "በቃ ጋሽ ታደለ! የእርስዎ ሴንሰር ይዋሻል። የእኔን እመልሳለሁ፣ እርስዎ ምንም እንዳይነኩ!" አስተማሪዬ ላይ ጮህኩ።

ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩና፣ "ይህን ለመናገር ዓርብን ትጠብቂያለሽ? በይ ቶሎ ጫኚው" አሉ።

ጭኜ ሳልጨርስ እንግዶቹ ገቡ። አስነሳነው። በሁለቱ መካከል ጥቂት ከረንት ይዞራል፣ ግን አይጨምርም። ዓይኔን ከስክሪኑ ሳልነቅል ቆምኩ። ሰዓቱ ሞላ፣ አልቆረጠም። የእንግዶቹ አለቃ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። "ተነጋግረን እንደውላለን" ብሎ ሄደ። እስካሁን አልደወለም።

ከሄዱ በኋላ ጋሽ ታደለ መፍቻ አንስተው የራሳቸውን ሴንሰር ነቀሉና ፊት ለፊቴ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። መፍቻውን ለእኔ ዘረጉልኝ።

"አሁን ደግሞ የአንቺን ፍቺ። እሱም ይዋሻል።"

መፍቻውን ተቀብዬ ፈታሁት።