ለፍተሻ ጣቢያው ኃላፊ፦ ስለ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት

ለተከበሩ የድንበር አካባቢ የተሽከርካሪ ፍተሻ ጣቢያ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላ ቤተሰብዎና ቀኑን ሙሉ በዳሱ ጥላ ሥር ለሚተኛው አነፍናፊ ውሻዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ፤ ለሁላችሁም የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔና ቤተሰቤ በእርስዎ ጥበቃ ሥር ደህና ነን። ደህንነታችንን መሥሪያ ቤትዎ ከእኛ ከራሳችን ይልቅ በዝርዝር ስለሚያውቀው እዚህ ላይ ብዙ አላስረዝምም።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ የማወጣው ላሳጣዎ አስቤ እንዳይመስልዎ። ባለፈው ወር የሦስት ገጽ አቤቱታ ጽፌ፣ በፖስታ አሽጌ፣ ለዋናው መሥሪያ ቤት ላደርስ ስነሳ ፈታሾችዎ ፖስታውን ከመቀመጫዬ ሥር አገኙት። ከፈቱት፤ ተራ በተራ አነበቡት፤ ከዚያም በጣቢያው መዝገብ ላይ «አንድ የአቤቱታ ደብዳቤ፣ ሦስት ገጽ፣ በንዴት የተጻፈ» ብለው አሰፈሩልኝ። ከእኔ በኋላ የመጡት ሹፌሮች ሲፈርሙ አንብበውት ኖሮ ስመለስ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ ያጽናናኝ ጀመር። እንግዲህ የእኔ ደብዳቤ አለቆች እጅ ከመግባቱ በፊት አገር የሚያነበው ከሆነ፣ በማተሚያ ቤት ፊደል ተጽፎ፣ ሰው ዓይኑን ሳያጨናብስ ቢያነበው ይሻላል ብዬ ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። ፍሪጅ እጠግናለሁ። ቤቴ ከጣቢያዎ ወዲህ፣ ሱቄ ከጣቢያዎ ወዲያ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ነው። ድንበሩ ከሱቄ አልፎ ሌላ ስልሳ ኪሎ ሜትር ይቀረዋል፤ አርባ ስምንት ዓመት ስኖር አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። ያም ሆኖ ጠዋት ሥራ ስገባ ከአገር እንደሚወጣ፣ ከሥራ ስወጣ ደግሞ ወደ አገር እንደሚገባ ሰው ስለሚያስተናግዱኝ፣ ፓስፖርት ሳላወጣ የውጭ መንገደኛ ስላደረጉኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ቅሬታ ከተባለ ቅሬታዎቼ እንደሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ስለ ፍሪጆቹ። በፒክአፕ መኪናዬ የምጭነው ፍሪጅ የተበላሸ እንደመሆኑ መጠን ባዶ ነው። ፈታሾችዎ ግን በሩን ይከፍታሉ፤ የበረዶ ቤቱን ይከፍታሉ፤ የእንቁላል መደርደሪያውን አንድ በአንድ በጣታቸው ይዳስሳሉ፤ ከዚያ ጀርባውን ያንኳኩና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፣ ከውስጥ አቤት የሚል ያለ ይመስል። አንድ ጊዜማ ሁለት ቀን ሙሉ ታግዬ የጠገንኩትን የአንድ መድኃኒት ቤት ፍሪጅ የጀርባ ክዳኑን ፈትተው ሲያበቁ፣ መልሰው ሲያስሩት አንድ ብሎን ተረፋቸው። ብሎኑን በመሃረብ ጠቅልለው ስለሰጡኝ ጨዋነታቸውን ሳላነሳ አላልፍም። ክሪኬንም በሦስት ዓመት ውስጥ ከስድስት መቶ ጊዜ በላይ መዝግበውልኛል። ይህን ያህል የተመዘገበ ክሪክ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም፤ ቢጠፋብኝ የት እንደምጠይቅ አውቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ምስማሩ። በጣቢያው ክፍል ግድግዳ ላይ በመስታወት የተለበጠ «የአሽከርካሪዎች መብት» የሚል ማስታወቂያ እንዳለ ለረጅም ጊዜ አላውቅም ነበር። ያላወቅሁት ማስታወቂያው ስላልተሰቀለ አይደለም፤ ፈታሾችዎ የዝናብ ካፖርታቸውን የሚሰቅሉት እዚያው ምስማር ላይ ስለሆነ ነው። ፀሐይ የወጣበት አንድ ቀን ካፖርቶቹ ተነስተው አገኘሁና ቆሜ አነበብኩት። ተራ ቁጥር አራት ላይ በተሽከርካሪ ውስጥ የተገኘ የግል ወረቀት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደማይነበብ፣ ይዘቱም ለሌላ ሰው እንደማይገለጽ ይላል። እንዴት ያለ ደስ የሚል አጻጻፍ ነው። መብታችን በበጋ ብቻ የሚታይ መሆኑ ትንሽ ቅር ቢለኝም፣ በክረምት ከብርድ ስለሚጠበቅልን ማመስገን ይገባኛል።

ሦስተኛ፣ ስለ መዝገቡ።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ምናልባት ከቢሮዎ ወጥተው ስለማያውቁ፣ መዝገቡ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳዎ። በዳሱ ሥር ጠረጴዛ አለ፤ በጠረጴዛው ላይ ትልቁ መዝገብ ተከፍቶ ይውላል። ፈታሹ የታርጋ ቁጥራችንን፣ ከእኛ ጋር የተሳፈረ ሰው ካለ ለሹፌሩ ያለውን ዝምድና፣ በመኪናው ውስጥ የተገኘውንም ዕቃ በአንድ መስመር ይጽፋል፤ ሹፌሩ በመስመሩ መጨረሻ ይፈርማል። አንድ ገጽ ሃያ መስመር አለው። ተራ ጠባቂው ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ምን ይሥራ? ያነባል። የሒሳብ መምህሩ ፀጉሩን እንደሚያቀልም ያወቅነው «ጥቁር የፀጉር ቀለም፣ ሁለት ጠርሙስ» ከሚል መስመር ነው። የወተት መኪናው ሹፌር ጥርስ የራሱ እንዳልሆነም እዚያው ተምረናል። ስቀናል፤ አልዋሽዎትም፣ እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርኩ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አንድ ረቡዕ ጠዋት የልጄን የፈተና ምዝገባ ለመጨረስ አንድ ወረቀት ፎቶ ኮፒ ማድረግ ነበረብኝ። በሰፈራችን ፎቶ ኮፒ ቤት ሞልቷል። እኔ ግን የሚያውቀኝ ሰው ወረቀቱን እንዳያየው ብዬ፣ ብልጥ መሆኔ ነው፣ ጣቢያውን ተሻግሬ ሱቄ አጠገብ ኮፒ ላስደርግ ወሰንኩ። ወረቀቱን በዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ከመኪናው መመሪያ ሥር ሸሸግሁት። ወረቀቱ የፍርድ ቤት ውሳኔ ነበር። ታናሽ እህቴ በወለደች በአሥራ አንደኛው ቀን ስታርፍ፣ እኔና ባለቤቴ ሕፃኗን በጉዲፈቻ ልጃችን ስናደርግ የተሰጠን ውሳኔ ነው። ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አታውቅም ነበር። ፈተናዋን ስትጨርስ ሦስታችን ቁጭ ብለን ልንነግራት ቀን ቆርጠን ነበር፤ ባለቤቴ በየት በኩል እንደምትጀምር እንኳ አስባ ጨርሳ ነበር።

ሰማያዊ ጓንት የሚያደርገው ወጣት ፈታሽዎ ወረቀቱን አገኘው። ማኅተም ሲያይ፣ የልጅ ስም ሲያይ ጠረጠረኝ፤ በዚህ መንገድ ልጅ የሚያሻግሩ ክፉዎች እንዳሉ ስለማውቅ መጠርጠሩን አልነቅፍም። ማስታወቂያው ባይፈቅድለትም፣ በልቡ አንብቦ መልሶ ቢሰጠኝ እጅ ነስቼ አልፍ ነበር። እሱ ግን ወዲያ ማዶ ላለው ባልደረባው ጮክ ብሎ አነበበለት፤ ቀጥሎም በገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ መስመር ሰባት ላይ «የጉዲፈቻ ውሳኔ፣ አንድ» ብሎ የልጄን ስም ከነዕድሜዋ ጻፈው። እንዲሰርዝልኝ ለመንኩት። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ለምኜ አላውቅም። መዝገብ እንደማይሰረዝ፣ መሰረዝ ራሱ ወንጀል እንደሆነ በትሕትና አስረዳኝና ብዕሩን ሰጠኝ። ፈረምኩ።

ከእኔ በኋላ አራተኛ የፈረመው የውሃ ቦቴ ሹፌሩ ነው። ሰው ሁሉ «ሬዲዮ» ይለዋል፤ ለምን እንደሚባል መግለጽ አያስፈልገኝም። የእሱ ልጅና የእኔ ልጅ በአንድ ክፍል ይማራሉ። ወሬው ሐሙስ በምሳ ሰዓት ደረሳት።

ሐሙስ ከሥራ ስገባ ባለቤቴ ከስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች፤ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተሰካ ቀርቷል። ልጄ የደንብ ልብሷን ሳትቀይር ከፊት ለፊቷ ቆማለች። ሳሎናችን ውስጥ የእህቴ ፎቶ ተሰቅሏል። «አክስትሽ ናት» ብለናት ስላደገች፣ በየቅዳሜው ወንበር ላይ ወጥታ አቧራውን የምትጠርገው እሷ ነበረች። ወደ ፎቶው ሳትዞር «እሷ ናት?» አለችኝ። አዎ አልኳት። አሥራ ሰባት ዓመት ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ በዚያች አንድ ቃል አለቀ።

አፍ ከፈታችበት ቀን ጀምሮ «አንተ» ስትለኝ የኖረች ልጅ ዘጠኝ ቀን ሙሉ «እርስዎ» አለችኝ። እኔ በዚህ ደብዳቤ ክቡርነትዎን እንደዚያ የምልዎ ወግ ስለሆነ ነው፤ እሷ ግን እንግዳ ስላደረገችኝ ነው። ምሳዬን ትቋጥራለች፣ በሩን ትከፍትልኛለች፣ ደህና ይዋሉ ትላለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ፎቶው ላይ አቧራ ተቀመጠ፤ ባለቤቴም እኔም ልንነካው አልደፈርንም። ያን አቤቱታ በንዴት የጻፍኩት በነዚያ ቀናት ነው፤ መዝገቡ እውነቱን ነው።

በአሥረኛው ቀን ለፈተናው በአካል ቀርባ መፈረም ስለነበረባት አብረን ወጣን። የምዝገባው ቢሮ ከጣቢያዎ ወዲያ ነው። እስከ ጣቢያው ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ ስታይ ነበር። ባለ ሰማያዊ ጓንቱ ፈታሽ አወቀን። ለሦስት ዓመት ከእኔ ጋር ስታልፍ «ልጅ» እያለ ሲመዘግባት የኖረው ሰው ያን ቀን ሳይጠይቅ «የጉዲፈቻ ልጅ» ብሎ ጻፈ። ስህተት እንዳይፈጠር መጠንቀቁ ነው፤ ትጋቱን አደንቃለሁ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ብዕሩን ስጠብቅ፣ ልጄ ከመኪናው ወርዳ ጠረጴዛው ድረስ መጣች። ጽሑፉን አነበበችው። ጣቷን ከመጀመሪያው ቃል ላይ አድርጋ ድምጿን ሳታነሳ ተናገረችው።

«ይቺን ይሰርዟት። ልጁ ነኝ።»

ተራ የሚጠብቁት ሹፌሮች ዓይናቸውን ከመዝገቡ ላይ አነሱ። ሬዲዮም ከመካከላቸው ነበር፤ እሱ እንኳ ዝም አለ። ፈታሹ ጓንቱን አወለቀ፣ እኔን አየኝ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ቃሉን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዘው። «ልጅ» የሚለው ብቻ ቀረ። መስመሩን ትቼ ልጄን እያየሁ ስለፈረምኩ ፊርማዬ ከወትሮው ቢለይብዎ በሐሰተኛ ፊርማ እንዳይከሱኝ አደራ።

ጣቢያውን አልፈን ጥቂት እንደሄድን «መስኮቱን ዝጋው፣ አቧራ ገባ» አለችኝ። ይዝጉት አላለችኝም። መስኮቱን ዘጋሁ፤ መንገዱ ግን ለተወሰነ ጊዜ አልታየኝም፣ አቧራውም ቀድሞ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ ቅሬታዬ ስለ ውሻው ነበር፤ ሆኖም ተውኩት። ከጣቢያው ባልደረቦች መካከል የሰው ወረቀት አንብቦ የማያውቅ እሱ ብቻ መሆኑን ሳስብ የደረጃ ዕድገት ይገባዋል ወደሚለው ሐሳብ አዘነበልኩ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የድንበሩን ጥበቃ ይተዉት አልልም፤ ፍሪጆቼንም እንደልብዎ ያንኳኩ። የምለምንዎ ሁለት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። መዝገቡ ከአንዱ ሹፌር ወደሌላው ሲተላለፍ ይከደን፤ ክዳን አለው፣ አይቼዋለሁ። ለካፖርቶቹም ሌላ ምስማር ይመታላቸው። ምስማሩንም መዶሻውንም እኔ አመጣለሁ፤ መንገድ ላይ በፍተሻ እንደሚገኙ ስለማውቅ ደብቄ አልይዛቸውም።

ከመሥሪያ ቤትዎ ምንም የተሰወረ የሌለው፣ ዳሽቦርዱ፣ የመቀመጫው ሥርና የቤቱ ሳሎን ሳይቀር በእጅዎ የተመረመረ፣ ነገም ከነገ ወዲያም በታማኝነት በፊትዎ የሚቆም፣ የዘወትር አክባሪዎ፣

ፍሪጅ ጠጋኙ
(ስሜንና አድራሻዬን ከመዝገቡ ያገኙታል፤ ካጡት የትኛውንም ሹፌር ይጠይቁ)

በኋላ ትዝ ያለኝ፦ መዝገብ አይሰረዝም ተብዬ ነበር። እንደሚሰረዝ፣ ለዚያውም አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በሁለት ዓረፍተ ነገር ስታዝዝ እንደሚሰረዝ በዓይኔ ስላየሁ፣ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ መስመር ሰባትንም እንዲሰርዙልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጥቅሙ ለእኛ እንዳይመስልዎ፤ እኛ የሚያስፈልገንን አግኝተናል፣ ፎቶውም ባለፈው ቅዳሜ ተጠርጓል። መሰረዙ የሚያስፈልገው ቀጣዩ ኃላፊ ወንበርዎ ላይ ሲቀመጥ፣ መዝገቡን ገልጦ፣ በእርስዎ ዘመን እዚህ ቦታ ምን ሲፈተሽ እንደነበር እንዳያነብብዎ ነው።