በ«የለም» ረድፍ የተቆጠርሁት እኔ

ለተከበሩ የሙስና መከላከያ መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ወንበርዎም እንደ እርስዎ ደኅና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። አገራችን በሙስና ልኬት ከጎረቤቶቿ ይልቅ ንጹሕ ተብላ ደረጃዋ ከፍ ማለቱን በጋዜጣ ሲናገሩ አንብቤ፣ እንኳን ደስ አለዎት ለማለት ብዕር አነሣሁ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ጓደኛዬ ንባብ ነውና ልኬቱ እንዴት እንደሚሠራ ፈልጌ አነበብሁ። በድልዎ ውስጥ እኔም ድርሻ እንዳለኝ ያወቅሁት ያኔ ነው።

አንደኛ፤ አንዱ ልኬት ነጋዴዎችንና ሊቃውንትን «አገሩ ምን ያህል የተበላሸ ይመስላችኋል?» ብሎ ይጠይቃል። ድስቱን ሳይከፍቱ የጨውን መብዛት ማነስ ከሽታው ብቻ ለሚያውቁ ሰዎች አክብሮቴ ከፍ ያለ ነው። እኔ ጉዳዬን ይዤ በምመላለስበት የመዝገብ ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ ግን አንዳቸውንም አይቼ አላውቅም።

ሁለተኛ፤ ሌላው ልኬት በፍርድ ቤት የተቀጡትን ይቆጥራል። እንግዲያው ዘበኛው የሚያንቀላፋበት ሰፈር ሌባ የለበትም ማለት ነው። ስለ ዘበኞቻችን የሰላም እንቅልፍ ምስጋናዬን ይቀበሉኝ።

ሦስተኛው የእኔ ነው። ቤት ለቤት የምትዞር ትሑት ጠያቂ መጥታ ባለፈው ዓመት ጉቦ ከፍዬ እንደሆነ ጠየቀችኝ። «የለም» አልኋት፤ አልዋሸሁም። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋም «ጉቦ? እኔ? ምን በወጣኝ! ለሻይ ብቻ ነው የሰጠሁት» ብላ ከእኔው ረድፍ ገባች። በእኛ ቋንቋ ጉቦ ማለት ሌላ ሰው የሚሰጠው ነው፤ እኛ የምንሰጠው የሻይ ነው፣ ማመስገኛ ነው፣ እጅ መንሻ ነው። ልዩነታችን ልብስ ሰፊዋ ከመዝገብ ክፍሉ የጠየቀችውን ወረቀት በማግሥቱ ማግኘቷ፣ እኔ ደግሞ የባለቤቴን የሞት ምስክር ወረቀት እስከ ዛሬ አለማግኘቴ ነው። የመዝገብ ሠራተኛው «እማማ፣ ፋይል እኮ እግር የለውም፤ ሰው ካላራመደው አይራመድም» እያለ ባዶ የሻይ ብርጭቆውን በጣቱ ያሽከረክራል።

ስለዚህ ባለቤቴ በመንግሥት መዝገብ በሕይወት አለ። ሰፈራችን ለመንገድ ሊፈርስ ስለሆነ፣ ቤቱ በስሙ ነውና ምትክ ቤት እንዲረከብ በወሩ መጨረሻ በአካል ይቅረብ የሚል መጥሪያ ደርሶታል። ካልቀረበ ምትኩ ይቀራል፤ እኔም ሜዳ ላይ። ቢቀርብልኝማ ቤቱንም ባልጠየቅሁ ነበር።

ሻዩን ሰጥተሽ አትገላገይም ወይ የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ባለቤቴ ታሞ ሳለ የሆስፒታል አልጋ እንዲያገኝ ማመስገኛ ሰጥቼ ነበር። አልጋው ወዲያው ተገኘ። ተራው የነበረው ሰው ኮሪደር ላይ ቀረ፤ ሚስቱ ሻርፗን አንጥፋ አስተኛችውና ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ፊቴን አዞርሁ። በዚያን ሰሞን ጠያቂ መጥታ ቢሆን ኖሮ ያኔም ያለ እፍረት «የለም» እላት ነበር።

እንግዲህ በትሕትና የምለምንዎ ከ«የለም» ረድፍ እንዲያወጡኝና፣ ስላልሰጠ ያላገኘ ሰው የሚቆጠርበት ሌላ ረድፍ እንዲከፍቱ ነው። እስኪከፈት ድረስ እኔን ከአገሪቱ ንጽሕና ላይ ይቀንሱልኝ።

በመዝገብዎ ባለትዳር፣ በቤቷ መበለት፣ ለደረጃዎ ከፍታ ሳታውቀው የደከመች
አክባሪዎ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ባለቤቴ በሕይወት አለ ካላችሁ ዘንድ፣ ጠያቂዋ በሚመጣው ዓመት እሱንም ትጠይቀው። ከሞተ ወዲህ ለማንም ምንም አልሰጠም፤ ደረጃችን ገና ከፍ ይላል።