የቀነስኩት ዕድሜ

ዓርብ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ልደታ

ዛሬ ሐኪሙ እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ዕድሜዋን ሲጠይቀኝ ሰባ ሁለት ነው አልኩት። ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው። እውነቱን ብናገር «አርጅተዋል» ብሎ የሚመልሰን መስሎኝ ነበር። እሱ ግን «የጡት ካንሰሩ ገና ጅምር ላይ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ኦፕራሲዮን ይሻላል። በጣም ያረጁ ቢሆኑ ኖሮ በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን ብቻ እናክማቸው ነበር» አለና ለሰኞ ቀጠረን። እውነቱን ሳልነግረው የቀጠሮ ወረቀቱን ተቀብዬ ወጣሁ። ክኒኑ ሕክምና ነው ወይስ አሮጊት ማባበያ? ያ ደካማ ልቧስ ኦፕራሲዮኑን ይችለዋል? አምላኬ፣ ምን አድርጌ ነው የመጣሁት!

ከታክሲ ወርደን እማዬ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ሦስት ጊዜ አርፋ ወጣች። በሩን ስከፍት «ዕድሜዬን የቀነስሽው ለእኔ ብለሽ ነው ለራስሽ?» አለችኝ።

የሰኞውን የቀጠሮ ወረቀት ከፊቴ አድርጌ ይህን እጽፋለሁ።