ጠበል የጠጣው ቀይ ተክሌ

ታኅሣሥ 1፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም

እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ አስቴር ትጽፋለች። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን በዚህ ብሎክ እንደኔ ተክል የሚያውቅ የለም።

ዛሬ በረንዳ ላይ ያለውን ቀዩን ተክሌን ሥሩ በስብሶ አገኘሁት። ወፍራም ቅጠሉ እንደ ጽጌረዳ የተደራረበውን ማለቴ ነው። የድሮው ግቢያችን ሲፈርስ በኪሴ ይዣት ከወጣሁት አንዲት ቅጠል ያበቀልኩት ነው። ቂጡን በበሳሁት የቀለም ቆርቆሮ፣ ከአፈሩ አሸዋና ጠጠር አብዝቼ ተከልኩት። ፀሐይና ብርድ ሲያገኝ ይቀላል፤ ውሃ ሲበዛበት አረንጓዴ ሆኖ ይልፈሰፈሳል። እኔ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው የማጠጣው። ታዲያ ማን አበሰበሰው?

ባለቤቴን ዘነበችን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ያዝኳት። የተረፋትን ጠበል ከጠርሙሱ ቆርቆሮው ላይ ታንቆረቁራለች። ለካ በልደታም፣ በሚካኤልም፣ በተክለ ሃይማኖትም ታጠጣዋለች!

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እግር የሚረግጠው ቦታ ላፍስሰው እንዴ? ደግሞ ይባረክልህ ብዬ ነው።»

«ገደልሽው እኮ!»

«ጠበል ገደለ ትላለህ? በል አማትብ!»

አማተብኩ።

«ከእንግዲህ የተረፈሽን እኔ ላይ አፍስሺው» አልኳት።

«አንተንማ ብዘፈዝፍህም አትለሰልስም!»

አስቴር ይህን ስትጽፍ ትስቃለች። ጻፊ ብያታለሁ።

ያልበሰበሰውን ጫፍ ቆርጬ፣ ቁስሉ እንዲደርቅ መስኮቱ ላይ አኑሬዋለሁ። ሥር ያወጣ እንደሆነ አላውቅም። ዘነበች ባዶውን የጠበል ጠርሙስ አጠገቡ አቁማዋለች። አላነሳሁትም።